ባለ አንድ ቀለሙን የኦፍሴት ማሽን በባለ ብዙ ቀለም መቀየር ይገባ እንደሆነ ለመወሰን፦ ለአነስተኛ ማተሚያ ቤቶች የቀረበ የአሠራር መመሪያ

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በመርካቶ ዙሪያ ባለ አንድ ቀለም የኦፍሴት ማሽን ይዞ የሚሠራ ማተሚያ ቤት ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ደንበኛ ባለ ሙሉ ቀለም በራሪ ወረቀት ለነገ እንዲደርስለት ይጠይቃል፤ ማሽኑ ደግሞ፣ ሙሉ ቀለም የሚገኘው በአራት ቀለሞች መደራረብ ስለሆነ፣ አንዱን ሉህ አራት ጊዜ ካላሳለፈ ሥራው አይጠናቀቅም። በዚህ መካከል ደላላ ያገለገለ ባለ አራት ቀለም ማሽን መገኘቱን ይናገራል፤ ባለቤቱም አሮጌውን ሸጦ፣ ተበድሮና ጨምሮ አዲሱን መግዛት ይገባው እንደሆነ ማሰላሰል ይጀምራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያን ውሳኔ በጥድፊያ ሳይሆን በመረጃ ለመወሰን እንዲረዳ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ውሳኔው ማሽኑ በሰዓት ስንት ሺህ ሉህ ያትማል በሚለው ቁጥር ላይ ሳይሆን ማሽኑ ቆሞ በሚውልባቸው ሰዓቶች ላይ መመሥረት ያለበት መሆኑ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ጊዜውን መመዝገብ

ከማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ያስቀምጡና ለእያንዳንዱ ሥራ የሚከተሉት በየዕለቱ እንዲጻፉ ያድርጉ፦ የሥራው ዓይነት፣ የቀለሙ ብዛት፣ የሉሁ ብዛት፣ ዝግጅት የተጀመረበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ጥሩ ሉህ የወጣበት ሰዓት፣ ሕትመቱ ያለቀበት ሰዓት፣ እንዲሁም በመካከል ማሽኑ ከቆመ የቆመበት ምክንያት። ምክንያቱ በግልጽ ይጻፍ፤ ፕሌት (የሚታተመው ምስል ያረፈበት ስስ ብረት) አልደረሰም፣ ወረቀት አልተቆረጠም፣ መብራት ጠፋ፣ ደንበኛው ናሙናውን አላጸደቀም፣ ሮለር (ቀለሙን ወደ ፕሌቱ የሚያደርሰው ተሽከርካሪ ዘንግ) እየታጠበ ነው ወዘተ።

ምዝገባው ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ሊቆይ ይገባል፤ ቢቻል ግን ሥራ የሚበዛበትንና የሚቀዘቅዝበትን ወቅት የሚያካትት ቢሆን ይመረጣል። የአዲስ አበባ የሕትመት ሥራ ከዘመን መቁጠሪያው ጋር አብሮ ይሄዳልና። በነሐሴና በጳጉሜን የካሌንደር፣ የአጀንዳና የትምህርት ቤት ሥራ ይደራረባል፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው የጥር ወርና ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ይመጣል፤ በሰኔና በሐምሌ የምረቃ መጽሔት ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ የሠርጉ ሥራ ይቋረጣል። በነሐሴ ብቻ የተመዘገበ ደብተር ማንንም ሰው ማሽን ያስገዛል።

መዝገቡ ምን እንደሚያሳይ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ደንበኛው በአንድ ፊት ብቻ የሚታተም 4,000 ባለ ኤ4 በራሪ ወረቀት በአራት ቀለም አዘዘ እንበል። ሁለት ሁለቱ በአንድ ሉህ ላይ ሲደረደሩ 2,000 ሉህ ይሆናል። ማሽኑ ያለ ጭንቀት በሰዓት 4,000 ሉህ ቢያትም አንዱን ቀለም ለማሳለፍ 30 ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀለም ሮለር ለማጠብ፣ ፕሌት ለመቀየር፣ ቀለሙን ለማስተካከልና ከቀደመው ቀለም ጋር ለማገጣጠም 40 ደቂቃ ይወስዳል ብንል፣ በአራቱ ዙር በጠቅላላው 280 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ሕትመት የተካሄደው በ120 ደቂቃው ብቻ ሲሆን ቀሪው 160 ደቂቃ ዝግጅት ነው።

አሁን ሁለት አማራጮችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ፣ ማለትም በሰዓት 8,000 ሉህ የሚያትም ሌላ ባለ አንድ ቀለም ማሽን መግዛት ነው፤ የሕትመቱ ጊዜ በየዙሩ ወደ 15 ደቂቃ ይወርድና ጠቅላላው 220 ደቂቃ ይሆናል። ሁለተኛው ምንም ሳይገዙ የዝግጅቱን ጊዜ ከ40 ወደ 25 ደቂቃ ማውረድ ነው፤ ጠቅላላው በዚህም 220 ደቂቃ ይሆናል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፍጥነትና በሥርዓት የተገኘ ዝግጅት እኩል ውጤት ሰጡ ማለት ነው። ባለ አራት ቀለም ማሽን ቢሆን ግን ሥራው በአንድ ዙር ያልቃል፤ ለአራቱም ቀለሞች ዝግጅት 75 ደቂቃ፣ ለሕትመት 30 ደቂቃ ቢፈልግ እንኳ በ105 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጥያቄው እንዲህ ያለው ሥራ በወር ስንት ጊዜ ይመጣል የሚለው ነው። በዚህ ስሌት ላይ የተጠቀሱት ደቂቃዎች ማሳያ ስለሆኑ በራስዎ ደብተር ቁጥሮች ተክተው እንደገና ያስሉት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ከማሽኑ በኋላ ያለውን ሥራ መመልከት

የታተመው ወረቀት ከማሽኑ ከወጣ በኋላ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ መሰብሰብ፣ መስፋት ወይም ቁጥር መምታት ይቀረዋል። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ማታ በየጣቢያው ፊት የተቆለለውን ወረቀት ይመልከቱ። ቁልሉ ያለው በመቁረጫው ፊት ከሆነ፣ ፈጣን ማተሚያ መግዛት ቁልሉን ከማሳደግ በቀር ሥራውን ለደንበኛ ቶሎ አያደርሰውም፤ በዚያን ጊዜ መለወጥ ያለበት መቁረጫው ወይም የማጠፊያው አሠራር ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ያለውን ማሽን ወደ ጤናው መመለስ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው እርሱ ነው። ምክንያቱም ያረጀ ሮለርና የላላ ብላንኬት (ምስሉን ከፕሌቱ ተቀብሎ በወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው የጎማ ጨርቅ) ያለው ማሽን የሚሰጠው ውጤት ስለ ማሽኑ አቅም ምንም አይናገርም፤ ባለቤቱ ግን ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ ዕድሜ ላይ ይጥለዋል።

በሮለሮቹ ይጀምሩ። የቀለም ሮለር ጎማ ከዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ገጹ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ቀለምም በአግባቡ አይይዝም። በጥፍር ሲጫኑት የማይሰጥ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ወይም መካከሉ የጎደጎደ ሮለር እንደገና ጎማ ሊለብስ ወይም ሊተካ ይገባል። ቀጥሎ በፕሌቱ ላይ የሚያርፉት ሮለሮች ጫና ይለካ። ማሽኑ ቀለም ይዞ ቆሞ ሳለ ሮለሮቹ ፕሌቱን እንዲነኩ ያደርጉና ያነሷቸዋል፤ የሚቀረው የቀለም መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ያለው፣ በአነስተኛ ማሽኖች ላይ ወደ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋ መሆን አለበት። በአንድ ዳር ወፍሮ በሌላው ከቀጠነ ችግሩ በመፍቻ ይስተካከላል፤ ለዚህ ማሽን አይገዛም።

ከዚያ የፕሌቱ ባዶ ቦታ ቀለም እንዳይዝ ወደሚያረጥበው ውኃ ይሂዱ። የማርጠቢያ ውኃው የአሲድነት መጠን በፒኤች ከ4.8 እስከ 5.5 ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን ይመከራል፤ ከዚያ ሲወርድ ቀለሙ ለመድረቅ ይዘገያል፣ ሲወጣ ደግሞ የፕሌቱ ባዶ ቦታ ቀለም መያዝ ይጀምራል። የመለኪያው ወረቀት ዋጋ ከአንድ የተበላሸ ሥራ ኪሳራ ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም ውኃውን በግምት የሚያዘጋጁ ብዙዎች ናቸው። ብላንኬቱ በአንድ ቦታ ተጨፍልቆ ከሆነ ይቀየር፤ ከሥሩ የሚገባው ሙሌት በማሽኑ መመሪያ ላይ በተጻፈው ውፍረት ልክ በማይክሮሜትር ተለክቶ ይግባ።

ጥገናው ሲያልቅ የማሽኑን እውነተኛ አቅም የሚያሳይ ፈተና ያካሂዱ። በአራቱም ማዕዘን ቀጭን የመስቀል ምልክት ያለበት ፕሌት ይጫኑና መቶ ያህል ሉህ ያትሙ። ያንኑ ወረቀት ሳይገለብጡና ሳያዞሩ ወደ መጋቢው መልሰው በዚያው ፕሌት በድጋሚ ያሳልፉት። ሁለተኛው መስመር በመጀመሪያው ላይ በትክክል ካረፈና ይህም በሁሉም ሉህ ላይ ከተደገመ፣ የወረቀት መያዣ ጥርሶቹና የጎን መግፊያው ጤነኛ ናቸው፤ ማሽኑም ለባለ አራት ቀለም ሥራ ታማኝ ነው። መስመሩ ከሉህ ሉህ የሚዋልል ከሆነ ጥርሶቹና ምንጮቻቸው እንዲፈተሹ ያድርጉ።

አራተኛ ደረጃ፦ የዝግጅት ጊዜን ማሳጠር

ወረቀቱ ከዋዜማው ተቆርጦና ተነፋፍቶ፣ ፕሌቶቹም ሁሉ ተፈትሸው ከማሽኑ አጠገብ እስኪደረደሩ ድረስ ሥራ አይጀመር። ባለ አንድ ቀለም ማሽን ላይ አራት ቀለም ሲታተም ከቢጫ ተነሥቶ በማጀንታ (ሮዝማ ቀይ) እና በሳያን (ውኃ ሰማያዊ) በኩል ወደ ጥቁር መሄድ፣ ማለትም ከፈካው ወደ ጠቆረው መሸጋገር፣ በየመካከሉ ያለውን እጥበት ያቀልላል። ከተቻለም የሁለት ደንበኞችን ሥራ አጣምሮ የሁለቱንም ቢጫ በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ የሁለቱንም ማጀንታ ማተም የእጥበቱን ብዛት በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ ለአንድ ወር እንደገና ይመዝግቡ። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ያህሉ ችግር በማሽኑ፣ ምን ያህሉ በአሠራሩ እንደነበር ይለያል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሥራዎችን በዓይነታቸው መክፈልና አማራጭ መምረጥ

አሁን በደብተሩ ያሉትን ሥራዎች በማሽን ሰዓት ይከፋፍሏቸው፦ ባለ አንድ ቀለም (ቅጻ ቅጾች፣ ፓድ፣ የመጽሐፍ ውስጥ ገጽ)፣ ባለ ሁለት ቀለም፣ እና ባለ አራት ቀለም። በደንበኛ ብዛት ወይም በገቢ ብቻ አይክፈሉ፤ አንድ ባለ አራት ቀለም ሥራ በገቢ ትንሽ ሆኖ በሰዓት ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላልና።

ከማሽኑ ሰዓት አብዛኛውን የያዘው ጥቁር ሥራ ከሆነ ባለ አራት ቀለም ማሽን መግዛት አይመከርም። በባለ አራት ቀለም ማሽን ላይ አንድ ቀለም ብቻ ሲታተም ሦስቱ ክፍሎች ያለ ሥራ ይሽከረከራሉ፤ ሮለሮቻቸው እንዳይደርቁና እንዳይጎዱ ማለስለሻ ይፈልጋሉ፤ ኤሌክትሪኩም ይቆጥራል። ለእንዲህ ያለው ቤት የተሻለው አማራጭ ካለው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ባለ አንድ ቀለም ማሽን ነው። መለዋወጫው አንድ ነው፤ ኦፕሬተሩ ያውቀዋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ባለ አራት ቀለም ሥራ ትልቅ ማሽን ላለው ሌላ ማተሚያ ቤት ሰጥቶ ማሳተም፣ ከ500 ቅጂ በታች የሆነውንም ለዲጂታል ማተሚያ መተው ነውር የለውም፤ ትርፉ ቢያንስም ሥራው በሰዓቱ ይደርሳል፣ ደንበኛውም ይቆያል።

ባለ ሁለት ቀለም ማሽን የብዙዎችን ትኩረት አያገኝም፤ ይገባው ነበር። ደብዳቤ ራስጌ፣ ፖስታ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ቅጻ ቅጽና የመማሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀለም ይሠራሉ፤ ባለ አራት ቀለሙም በሁለት ዙር ያልቃል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ፣ ለሁለት ቀለም የሚወስደው ዝግጅት 55 ደቂቃ ቢሆን ሥራው በ170 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ሥራው ለተቀላቀለበት ማተሚያ ቤት ከሁሉም በፊት ሊታይ የሚገባው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ባለ አራት ቀለም መሸጋገር ተገቢ የሚሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ከበዓላትና ከነሐሴ ግርግር ውጪ ባሉ ተከታታይ ወራት የባለ አራት ቀለም ሥራ ከማሽኑ ሰዓት ከግማሽ በላይ ሲይዝ ነው። በዚያን ጊዜ ከሰዓቱ ሌላ የጥራት ምክንያትም ይጨመራል፤ እርሱም የወረቀቱ ጠባይ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለሕትመት ክፍል ተስማሚ የሚባለው ከ50 እስከ 55 በመቶ የሆነ አንጻራዊ እርጥበት ነው፤ በአዲስ አበባ ግን የበጋው አየር ከዚህ በእጅጉ ደርቆ፣ የክረምቱ ደግሞ እርጥበቱ በዝቶ ይገኛል። በባለ አንድ ቀለም ማሽን ላይ ቢጫው ዛሬ ጥቁሩ ነገ ሲታተም፣ ወረቀቱ በአንድ ሌሊት መጠኑን ቀይሮ ያድርና በሉሁ ዳር ላይ ቀለሞቹ አልገጥም ይላሉ። አራቱም ቀለሞች በአንድ ዙር ሲያርፉ ይህ ችግር ከሞላ ጎደል ይወገዳል። እስከዚያው ድረስ ግን በየዙሩ መካከል ቁልሉን በላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር ብዙ ሥራ ያድናል።

ስለ መጠኑ ደግሞ፦ የጀርመኑ ሃይደልበርግ ኩባንያ ማሽን የሆነው ጂቲኦ 52 የሚቀበለው ትልቁ ሉህ 36 በ52 ሴንቲሜትር ነው፤ 70 በ100 የሆነ ወረቀት በአራት ሲቆረጥ 35 በ50 ስለሚሆን ይስማማዋል። የዚያው ኩባንያ ኮርድ 64 እስከ 46 በ64 ስለሚቀበል 61 በ86 የሆነውን ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ማተም ይችላል። አሁን በየትኛው ወረቀት እንደሚሠሩ ሳያዩ መጠን አይምረጡ፤ በየሉሁ የሚቆረጠው ትርፍራፊ በዓመት ሲሰላ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሙሉ ዋጋውን ማስላት

ሻጩ የሚጠራው ዋጋ መነሻ ብቻ ነው። በላዩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የክሬንና የማጓጓዣ ክፍያ፣ የተከላ ባለሙያ፣ ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሙሉ የሮለርና የብላንኬት ቅያሪ፣ እንዲሁም ኦፕሬተሩ እስኪለማመድ የሚባክነው ወረቀት ይደመራል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ዋጋ ማጣቱ ይታወሳል፤ ፕሌት፣ ቀለምና መለዋወጫ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው የወደፊት ወጪዎን በዛሬው ዋጋ ብቻ አያስሉ። አራት ቀለም ማለት በአራት እጥፍ የሚበዛ ሮለር ማለት መሆኑንም አይርሱ።

ከዚያ ወርኃዊ የብድር ክፍያውን ከተመዘገበው መካከለኛ ወር ገቢ ጋር ያነጻጽሩት፤ ከነሐሴው ጋር አይደለም። ቀዝቃዛው ወር ክፍያውን መሸፈን ካልቻለ ግዢው ይቆይ። መያዣ የሚሆን ቤት ለሌለው ሰው የካፒታል ዕቃ ሊዝ አንዱ መንገድ ነው፤ በዚህ አሠራር ክፍያው እስኪያልቅ የማሽኑ ባለቤትነት በአከራዩ ድርጅት እጅ ስለሚቆይ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ይሆናል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ቦታውንና ኤሌክትሪኩን ማረጋገጥ

ባለ አንድ ቀለሙ ጂቲኦ እንኳ ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ባለ አራት ቀለም ማሽን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ፎቅ ላይ የሚሠራ ሰው የወለሉን የመሸከም አቅም በመሐንዲስ ሳያስመረምር ውል መፈረም የለበትም። በር፣ ኮሪደርና የመኪና መግቢያም ይለካ። በመሀል ከተማ ላለ ሰው ሌላም ጉዳይ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የንግድ ቤቶችን ከነበሩበት አስነሥቷል። የቤት ኪራይ ውልዎ ከማሽኑ ብድር ዘመን ያነሰ ከሆነ ወይም አካባቢው በልማት ዕቅድ ውስጥ ካለ፣ ነቅሎ መትከል የሚያስከትለውን ወጪ አስቀድመው ይያዙ፤ ከባድ ማሽን በተነቀለ ቁጥር እንደገና በውኃ ልክ መስተካከል አለበት።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ከሌለዎት ማመልከቻውን ከግዢው በፊት ያስገቡ። መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት አካባቢ የኤሌክትሮኒክ ካርድ የበዛበት ማሽን ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ካርድ የሚጠግን ባለሙያ በቅርብ ለማያገኝ ሰው በአመዛኙ ሜካኒካል የሆነ የቀድሞ ሞዴል እመርጣለሁ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ያገለገለውን ማሽን መፈተሽ

ማሽኑን ቆሞ አይግዙት፤ ሲሠራም አንድ ሉህ ብቻ አይተው አይርኩ። የራስዎን ኦፕሬተር፣ የራስዎን ወረቀትና በአራት ቀለም የተሠራ የራስዎን ፕሌት ይዘው ይሂዱ፤ ቢያንስ 1,000 ሉህ ያሳትሙ። በፕሌቱ ላይ የመስቀል ምልክቶች፣ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ሰፊ ቦታና በ50 በመቶ ነጥብ የተሞላ ሰፊ ቦታ ይኑሩ። በነጥብ በተሞላው ቦታ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው ወጥ መስመሮች በአግድም ከታዩ የማርሽ መበላት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ነጥቦቹ ጥላ ያላቸው ወይም የተጎተቱ መስለው ከታዩ የሲሊንደር (ፕሌቱና ብላንኬቱ የሚጠቀለሉበት ከበሮ) ተሸካሚዎች እንዲመረመሩ ይጠይቁ። ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ሉሆችን መዝዘው በማጉያ መነጽር የመስቀሎቹን መገጣጠም ያወዳድሩ።

ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ብላንኬቶቹ ወርደው ሲሊንደሮቹ በእጅ እየዞሩ ይታዩ። ወረቀት ተጠቅልሎ የገባበት ማሽን በሲሊንደሩ ላይ ስርጉድ ይኖረዋል፤ ይህ ዓይነቱ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይጠገንም። ዝገትና ጭረትም እንዲሁ ይታይ። የዘይቱን ቀለምና የዘይት ማስተላለፊያ ቱቦዎቹን ይመልከቱ፤ በመለያ ቁጥሩ የተሠራበትን ዓመት ያጣሩ፤ የሉህ ቆጣሪውን ንባብ ግን ብቻውን አይመኑ፤ ሊቀየር የሚችል ነገር ነው። የእጅ መከላከያ ሽፋኖቹ ሲከፈቱ ማሽኑ በራሱ መቆም አለበት፤ ሽቦው ተቋርጦ ወይም ተገናኝቶ ሳይቆም የሚሠራ ከሆነ፣ ይህ ሳይስተካከል ሠራተኛዎን በፊቱ አያቁሙ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ውልና ሽግግር

በውሉ ላይ የማሽኑ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ አብረው የሚሰጡት መለዋወጫዎችና መመሪያ መጽሐፍ ይዘርዘሩ፤ የክፍያው የመጨረሻ ክፍልም ማሽኑ በእርስዎ ቤት ተተክሎ ያንኑ የ1,000 ሉህ ፈተና ካለፈ በኋላ የሚከፈል እንዲሆን ይስማሙ። ለባለ አራት ቀለሙ የሚገዛው ቀለም አንዱ በሌላው ላይ ሳይደርቅ የሚያርፍ ስለሆነ፣ የመጣበቅ ኃይሉ ከመጀመሪያው ክፍል ወደ መጨረሻው እየቀነሰ የሚሄድ መሆን አለበት፤ በባለ አንድ ቀለሙ ላይ ሲጠቀሙበት የነበረውን ቀለም እንዳለ ወደ አዲሱ ከመውሰድዎ በፊት አቅራቢውን ይጠይቁ።

አሮጌውን ማሽን ወዲያው አይሽጡት። አዲሱ አንድ ሙሉ የሥራ ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ጥቁር ሥራው፣ ቁጥር መምታቱና መብሳቱ በእርሱ ላይ ይቀጥል፤ ደብተሩም በሁለቱም ማሽኖች አጠገብ ይቀመጥ።